የሕዝብ እንደራሴ ጥያቄና የ1 ሊትር ናፍጣ ዋጋ

የሕዝብ እንደራሴ በምክር ቤት ቆሞ የተናገረው ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በአዳራሹ ውስጥ የተሰማውን ጭብጨባ ባይቈጥር ይሻለዋል። ይልቁንም ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ ወጥቶ በገበያ ቀን ከወፍጮ ቤት ደጃፍ ቢቆም እውነተኛውን ሚዛን ያገኘዋል። እህሏን በጀርባዋ አዝላ የመጣች እናት ለማስፈጫ የምትከፍለው ገንዘብ፣ ነጋዴው ለ1 ኩንታል ጨው ማስጫኛ የሚከፍለው ኪራይ፣ ተማሪው ማታ መጽሐፉን የሚገልጥበት የኩራዝ ላምባ፣ እነዚህ ሁሉ የሚወሰኑት በአንድ ነገር ይኸውም በኀይል ዋጋ ነው። ስለዚህ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ እንደራሴዎች በምክር ቤት ስለ ምን ይናገሩ ተብሎ ቢጠየቅ፣ አስቀድሞ ስለዚህ ጉዳይ ይናገሩ ብለን መመለስ ይገባናል።

ነገሩን በቍጥር ማየት ይጠቅማል። መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ለማንሣት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ክረምት የ1 ሊትር ናፍጣ ዋጋ በአዲስ አበባ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ ወር 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ግን 98 ብር ከ98 ሳንቲም ደረሰ፤ ከዚያም ወዲህ ጭማሪው አላቆመም። እንግዲህ 100 ኩንታል የሚጭን አንድ መኪና 100 ሊትር ናፍጣ በሚያስፈልገው መንገድ ላይ ተጓዘ እንበል። በመጀመሪያው ዋጋ የናፍጣው ወጪ ብቻ በ1 ኩንታል 49 ብር ያህል ሲሆን፣ በሁለተኛው ዋጋ 99 ብር ያህል ይሆናል። በዚህ ላይ የጎማ፣ የመለዋወጫና የሾፌር ወጪ አልተጨመረበትም።

የደጋው ሰው ችግር ደግሞ ከዚህም የከበደ ነው። ነዳጅ ከጂቡቲ ወደብ ተነሥቶ አገር የሚያቋርጥ በመሆኑ፣ የከተሞች የመሸጫ ዋጋ ሲተመን የማጓጓዣው ሒሳብ ይታከልበታል። በዚህም ምክንያት ከወደብ የራቀ ሰው ነዳጁን ራሱን በውድ ይገዛል፤ በውድ ነዳጅ የመጣለትንም ጨው፣ ስኳር፣ ቆርቆሮና ማዳበሪያ እንደገና በውድ ይገዛል። የራሱን ገብስ፣ ድንች፣ ጤፍ፣ በግና ማር ወደ ከተማ ሲልክ ደግሞ የመኪናው ኪራይ ከሽያጩ ላይ ይቀነስበታል። ሲገዛም ሲሸጥም ከፋዩ እርሱ ነው ማለት ነው። ነፋስ መውጫ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ በመሆኗ በመጠኑ ሲቀላት፣ ከዋናው መንገድ ወደ ደቡብ ርቀው የሚገኙት አርብ ገበያና ወገዳ ግን የርቀቱን ዕዳ ይሸከማሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የደረሰው ጦርነት መንገድን በሚያውክበት ጊዜ ሁሉ ይህ ዕዳ ይበልጥ እየከበደ መጥቷል።

የመብራትን ጉዳይ ስናነሣ ደግሞ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው የአባቶች ተረት ይታወሰናል። ከጉና ተራራ የሚፈልቁት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይገባሉ፤ እስቴና ስማዳ በደቡብ በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ፤ በሽሎም የስማዳን ጠርዝ ታክኮ ከዓባይ ይቀላቀላል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የህዳሴ ግድብ የሚሞላው ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ወንዞች በሚሰበሰብ ውሃ ነው። የዚህ አገር ገበሬና ነጋዴም እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ከኪሱ አዋጥቷል። ሆኖም በገጠር ቀበሌዎች ኩራዝ ገና ከግድግዳ አልወረደም።

መስመሩ የደረሰለት ሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለው። ለ12 ዓመት ያህል ሳይነካ የቆየው የኤሌክትሪክ ታሪፍ በ2011 ዓ.ም. ተሻሻለ፤ ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮም በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ለ4 ዓመት የሚዘልቅ አዲስ ታሪፍ ወጣ። መሥሪያ ቤቱ ወጪውን መሸፈን እንዳለበት አንክድም፤ ከዋጋ በታች የሚሸጥ ነጋዴ ሱቁን እንደሚዘጋ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ዋጋ የጨመረ ሻጭ የዕቃውን ጥራት ማሻሻል ግዴታው ነው። ሒሳቡ በየሩብ ዓመቱ ሲያድግ የሚጠፋበት ቀን ቍጥር በየሩብ ዓመቱ ካልቀነሰ፣ ወፍጮ ቤቱና ብረት በያጁ ለመብራቱም ለመጠባበቂያው ናፍጣም ይከፍላሉ።

ይህ የኪስ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። የወፍጮ ዋጋ ሲወደድ ሴቲቱ ወደ ድንጋይ ወፍጮዋ ትመለሳለች፤ የሌሊት ዕረፍቷንም ታጣለች። ላምባና ከሰል ሲወደዱ ቤተ ሰቡ ዛፍ ይቈርጣል፤ ዛፉ ሲያልቅ ኩበት ይነዳል። ለማሳ ፍግ ሊሆን የሚገባው ኩበት በምድጃ ሲቃጠል መሬቱ ይከሳል፤ መሬቱ ሲከሳ ምርቱ ይቀንሳል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረው የሴፍቲኔት ርዳታ ተጠቃሚ ከሆኑት ወረዳዎች መካከል መሆናቸው ይታወቃል። ለእንዲህ ያለ አገር የኀይል ዋጋ የእንጀራ ዋጋ ነው።

ታዲያ እንደራሴው ምን ማድረግ ይችላል? የነዳጅ ዋጋም ሆነ የመብራት ታሪፍ በምክር ቤት ድምፅ ተሰጥቶበት የሚጸድቅ አይደለም፤ የሚወሰነው በአስፈጻሚው በኩል ነው። ይህ ግን እንደራሴውን ከኀላፊነት አያወጣውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅና አሠራራቸውን እንዲመረምር ሥልጣን ሰጥቶታል። በአንቀጽ 54 ደግሞ አባሉ ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንደ ሆነ ደንግጓል፤ በምክር ቤት ስለ ሰጠው አስተያየትም እንዳይከሰስ ጠብቆታል። ይህ ጥበቃ የተሰጠው ለሰውዬው ክብር ሳይሆን፣ ከወገዳ ገበያ የተነሣው ጥያቄ ሳይፈራና ሳይሸራረፍ አዲስ አበባ እንዲደርስ ነው። ጥበቃው በተግባር ካልጸና የሚጎዳው እንደራሴው ብቻ አይደለም፤ ድምፁን የሰጠው ሕዝብም ነው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ለግለሰብ ይህ መልካም ምክር ሊሆን ይችላል፤ ለእንደራሴ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ለዚህ ምስክር ከታሪካችን አለን። በ1966 ዓ.ም. በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ምክንያት የዓለም የዘይት ዋጋ ሲንር፣ በአገራችን የቤንዚን ዋጋ በመቶ 50 ያህል እንዲጨምር ተደረገ። በየካቲት ወር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በበኩላቸው አድማ መቱ፤ መንግሥት ዋጋውን መልሶ ቢቀንስም ነገሩ አልበረደም፤ በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ብሶቱ ከነዳጅ የሰፋ እንደ ነበረ ግልጽ ነው። ሆኖም በምክር ቤት አስቀድሞ ያልተሰማ ጥያቄ በጎዳና ላይ ዘግይቶ ሲሰማ ለመንግሥትም ለነጋዴም ምን ያህል እንደሚወደድ ያ ዓመት አስተምሮናል።

ነገር ግን ሁሉንም በእንደራሴው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ማስረጃ ያልሰጡት ጠበቃ እንዴት ይረታል? «ሕዝቡ በኑሮ ውድነት ተቸግሯል» ብሎ የሚነሣ ጥያቄ «መንግሥት ችግሩን ተገንዝቦ እየሠራ ነው» በሚል መልስ ይዘጋል። «በዚህ ሩብ ዓመት በወገዳ ናፍጣ ስንት ቀን ጠፋ? የተላከው ስንት ሊትር ነው? የደረሰውስ? ልዩነቱ ወዴት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ ግን በቍጥር ካልሆነ በቀር አይመለስም። ስለዚህ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ያሉ ነጋዴዎች አንድ መዝገብ እንዲከፍቱ አሳባችንን እናቀርባለን። በመዝገቡም የነዳጁ የመሸጫ ዋጋ፣ ነዳጅ የጠፋበት ቀን፣ የ1 ኩንታል ጭነት ኪራይ፣ የወፍጮ ዋጋና መብራት የተቋረጠበት ሰዓት በየሳምንቱ ይጻፍ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ዐዋጅ ማኅበራችን በነጋዴውና በመንግሥት መካከል ድልድይ እንዲሆን አድርጎታልና፣ መዝገቡን ለእንደራሴዎቹ ማድረስ የማኅበሩ ተግባር ነው። ምክር ቤቱ ሥራውን በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ስለሚፈጽም፣ በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ቢደርስ ይበልጥ ይጠቅማል።

መዝገብ የሚከፍት ሰው ግን የራሱንም እጅ ማጠብ አለበት። ነዳጅ ጨመረ በተባለ ማግስት በአሮጌው ዋጋ የገባውን ዕቃ በአዲሱ ዋጋ የሚሸጥ፣ ኪራይ ሲቀንስ ግን ዋጋውን የሚረሳ ነጋዴ በመካከላችን እንዳለ አንሸሽግም። ናፍጣና ቤንዚን በጀሪካን ደብቆ ጨለማን ተገን አድርጎ የሚቸበችብም አለ። እንዲህ ያለው ሰው እንደራሴው በምክር ቤት የሚያቀርበውን እውነት ያረክሳል፤ ሚኒስትሩም ጥፋቱ የነጋዴው ነው ብሎ እንዲመልስ ቃሉን ያውሰዋል።

ከእንደራሴዎቻችንም የምንለምነው ብዙ አይደለም። በዕረፍታቸው ጊዜ ወደ ምርጫ ክልላቸው ሲመለሱ የጠየቁትን ጥያቄና የተሰጣቸውን መልስ ጽፈው ይምጡ፤ በገበያ ቀንም በሕዝብ ፊት ያንብቡት። መልሱ ተስፋ ከሆነ ቀኑ ይመዝገብ፤ ቀኑ ካለፈ ጥያቄው ይደገም። በዚህ ዐይነት የተያዘ ጉዳይ አንድ ቀን ፍሬ ማፍራቱ አይቀርም። የወፍጮ ቤቷ እናት የምክር ቤቱን ንግግር ላታዳምጥ ትችላለች፤ ንግግሩ የሠራ እንደ ሆነ ግን ከመቀነቷ በምትፈታው ብር ታውቀዋለች።