ዕውቀት የመንግሥታት ድልድይ ስለ መሆኑ

መንግሥታት እርስ በርሳቸው የሚገናኙባቸው መንገዶች ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ንግድ ትርፍ ሲጎድል ይቆማል፤ ውልም ሐሳብ ሲለወጥ ይፈርሳል። የሊቃውንት ኅብረት ግን ለሰው ሁሉ የሚበጀውን ነገር በአንድነት መመርመር ስለሆነ፥ ፍቅር በቀዘቀዘበት ዘመን እንኳ የማይሰበር ድልድይ ሊሆን ይችላል። ለዚህም የፈንጣጣ ከዓለም መጥፋት ታላቅ ምስክር ነው።

ፈንጣጣ በሃያኛው መቶ ዓመት ብቻ ወደ 300 ሚሊዮን የሚገመት ነፍስ አጥፍቷል። ከሞት የተረፈውንም መልኩን አበላሽቶ፥ አንዳንዱንም ዓይኑን አሳውሮ ይተወው ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር በ1796 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው) ከላም ፈንጣጣ የተወሰደ መግል ሰውን ከዚህ ደዌ እንደሚጠብቀው በሥራ አስረዳ። በኢትዮጵያም ቢሆን ከበሽተኛ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን መክተብ በአባቶች ዘንድ የታወቀ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ አገር ብቻውን ቢነጻ ደዌው ከጎረቤት ተመልሶ ይገባ ስለነበረ፥ የአንዱ ድካም ያለ ሌላው ድካም ፍሬ አልነበረውም።

በ1958 ዓ.ም. የዓለም የጤና ጉባኤ በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ ተሰበሰበ። በዚያ ዘመን ሶቪየት ኅብረትና አሜሪካ አንዱ ሌላውን በጦር መሣሪያ የሚያስፈራሩ ባላንጣዎች ነበሩ። ሆኖም የሶቪየቱ መልእክተኛ ዶክተር ቪክቶር ዥዳኖቭ ተነሥተው ፈንጣጣ ከምድር ሁሉ ይጥፋ የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ለንግግራቸውም የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን በ1806 ዓ.ም. ለጄነር የጻፉትን የምስጋና ደብዳቤ ጠቀሱ። ጉባኤውም በማግሥቱ ዓመት ሐሳቡን ተቀበለ። በ1967 ዓ.ም. ዘመቻው በተጠናከረ ጊዜ አሜሪካዊው ዶክተር ሄንደርሰን መሪው ሆኑ። ሶቪየት ኅብረት በሙቀት አገር ሳይበላሽ የሚቆየውን ደረቅ ክትባት ከ1 ሺህ ሚሊዮን በላይ ለሚሆን ሰው የሚበቃ አድርጋ በነጻ ሰጠች፤ በአሜሪካ የተፈለሰፈውም ጫፉ መንታ የሆነ መርፌ ለአንድ ሰው ይውል የነበረውን ክትባት ለአራት አዳረሰው።

በኢትዮጵያ ሥራው በ1971 ዓ.ም. ተጀመረ። ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ከአሜሪካ፥ ከጃፓንና ከኦስትሪያ ከመጡ ፈቃደኞች ጋራ መንገድ በሌለበት ቆላና ደጋ እየተዘዋወሩ በሽተኛውን በየመንደሩ ፈለጉ። የመጨረሻው በሽተኛ በ1976 ዓ.ም. ተገኘ። በ1977 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ በጦርነት ላይ ሳሉ፥ በሶማሊያ በመርካ ከተማ የዓለም የመጨረሻው የተፈጥሮ ፈንጣጣ ታየ። በግንቦት 1980 ዓ.ም. የዓለም የጤና ጉባኤ ደዌው መጥፋቱን አወጀ።

ምናልባት፥ ዕውቀትን ለባላንጣ ማካፈል ባላንጣን ማበርታት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ክትባቱን የሰጠው በሽታው ወደ ራሱ ቤት የሚመጣበትን መንገድ ዘጋ። አሜሪካ ራሷ ደዌው እየተመናመነ በመሄዱ በ1972 ዓ.ም. ሕዝቧን ሁሉ መክተብ ለመተው ቻለች። ገንዘብ ሲካፈሉት ያንሳል፤ ዕውቀት ግን ሲካፈሉት የሰጪው አይጎድልም፤ የተቀባዩም ይጨመራል።

በ2019 እና በ2020 ዓ.ም. በምሥራቅ አፍሪካ የተነሣው የአንበጣ መንጋ የማንንም ድንበር አልጠየቀም። ደዌም፥ አንበጣም፥ ድርቅም የይለፍ ወረቀት ሳይዙ ይገባሉ፤ ወረቀት የሚጠየቀው ሊከላከላቸው የሚወጣው ሊቅ ብቻ ነው። ስለዚህ በሥልጣን ላይ ያለ ሰው ከጎረቤት መንግሥት ጋራ ነገር በከረረ ጊዜ የሐኪሙንና የመርማሪውን መንገድ አስቀድሞ መዝጋት አይገባውም፤ ያን ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ያስፈልጋልና። ሕዝብን የሚያስተምሩ ካህናትም፥ ከባዕድ የመጣ ጥበብ ሁሉ እንደ ጠላት እንዳይቈጠር ቢያስረዱ ታላቅ በጎ ሥራ ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።