ቤቱን ያቆመችው እህት፣ ጣሪያውን የረሳው ወንድም



ውድ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች! የዛሬው ጽሑፋችን ስለሚያፈስ ጣሪያ፣ አልዘጋ ስላለ ቧንቧና ስለሚሞቅ ሶኬት ነው። «ይኼም ቁም ነገር ሆኖ?» የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠን።

ያለፈውን ነሐሴ እናስታውስ። ጦሳ ጉም ለብሷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ኮርኒሱ መሐል ያለችው ቡናማ ክብ ጠብ ጠብ ማለት ትጀምራለች። እናታችን ተነሥታ ሳፋ ታቀርባለች። እኛ አልጋችንን ገፋ አድርገን ብርድ ልብሱን ወደ ላይ እንስባለን። «አብሽሩ፣ ተኙ» ትላለች። ጧት ሳፋውን የምትደፋውም እሷው ናት። «ባለሙያ እንጠራለን» ካልን ሁለት ክረምት አልፏል። በመጨረሻ አንድ ቀን መሰላል ተውሰን ስንወጣ ምን አገኘን? አንድ የጣሪያ ምስማር ጎማው ተበልቶ ቀዳዳው ተከፍቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ እናታችንን ከእንቅልፏ የቀሰቀሰው ይኸው ነበር። ወላሂ አፈርን።

ያ ቆርቆሮ በማን ገንዘብ እንደተገዛ ስናስብ ደግሞ ይብስ አፈርን።

እስቲ በየሰፈራችን ዞር ዞር ብለን እንይ። ከሸዋ በር እስከ ሰኞ ገበያ፣ ከሐረጎ ቁልቁለት ወርደን እስከ ኮምቦልቻ ዳርቻ ድረስ፣ ስንቱ ቤት ነው ጂዳ ወይም ሪያድ ወይም ቤሩት ያለች እህት በላከችው ገንዘብ የቆመው? የሰው ቤት መስኮት እየወለወለች ለእናቷ ቤት መስኮት አስገጠመች። የሰው ወለል እያጸዳች የእናቷን ወለል ሲሚንቶ አስደረገች። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ፣ ከእነሱ መሐል የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። አንዳንዷ ሻንጣዋን እንኳ ሳትይዝ ነው የመጣችው። ከዚያ ሁሉ ዓመት ድካም የቀራት ነገር ቢኖር ቀደም ብላ ያሠራችው ያ ቤት ብቻ ነበር።

እንግዲህ ይህ ቤት በእጃችን ያለ አማና ነው። አደራ ሲባል ገንዘብ ማስቀመጥ ብቻ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። የተከፈተን ቀዳዳ እያዩ ማለፍም አደራ መብላት ነው። ቆርቆሮው ሲዝግ፣ ወራጁ ሲበሰብስ፣ ግድግዳው ሲርስ የሚያልቀው የእህታችን ጉልበት ነው። እሷ በስልክ «ቤቱ እንዴት ነው?» ስትል «አልሐምዱሊላህ ደህና ነው» እንላታለን። ሳፋውን ግን በቪዲዮ አናሳያትም።

አበው «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» የሚሉት እኛን ነው። የመስጂዱ ጣሪያ ሲታደስ አሸዋ ለመሸከም ቀድመን እንገኛለን፤ አላህ ይቀበለን፣ ጥሩ ነው። የጓደኛችን ሠርግ ሲሆን ድንኳን ለመትከል የሚቀድመን የለም። በገዛ ቤታችን ግን የሚንጠባጠብ ቧንቧ እያየን ወደ ስልካችን እናቀረቅራለን።

«አናውቅበትም» ነው አንዱ ምክንያታችን። እውነት ነው፣ ማንም አላስተማረንም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምረን ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት ፈተና አልፈናል፤ የቤታችን ብሬከር የት እንዳለ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ቢሆንም አለማወቅ የሚፈታው በመጀመር ነው። ለመጀመር ደግሞ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ አንድ የቧንቧ መፍቻና አንድ ጥቅል ቴፍሎን ይበቃል።

ከቧንቧው እንጀምር። በሴኮንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን ወደ 20 ሊትር ያፈሳል። ይህም አንድ ቢጫ ጀሪካን ማለት ነው። ያላመነ ማታ ከሥሩ ባልዲ ያስቀምጥና ጧት ይለካው። ውሃ በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር፣ እናቶች ጀሪካን ተሸክመው ዳገት በሚወጡበት ከተማ፣ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ለዉዱእ እንኳ ውሃ አታባክኑ ተብለን ያደግን ልጆች ሌሊቱን ሙሉ የሚፈስ ቧንቧ ሥር ተኝተን ማደራችን ያስተዛዝባል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ውስጥ ያለችው ትንሿ ጎሚኒ ናት። ዋናውን መዝጊያ መዝጋት፣ ቧንቧውን ከፍቶ የቀረውን ውሃ ማስወጣት፣ ራሱን መፍታት፣ ያለቀችውን ጎሚኒ ይዞ ሱቅ ሄዶ በልኳ መግዛት፣ መልሶ መግጠም። ከጥርሱ ላይ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ቴፍሎኑን ቧንቧው በሚጠብቅበት አቅጣጫ መጠቅለል ነው፤ በተቃራኒው ከተጠቀለለ ሲገጥሙት ይላቀቃል።

ጣሪያው ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ውሃ የሚያንጠባጥብበት ቦታና ቀዳዳው ያለበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ውሃው በወራጁ ላይ ተንሸራቶ ራቅ ብሎ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ቀዳዳውን ከነጠብጣቡ ወደ ላይኛው ወገን መፈለግ ነው። የቆርቆሮ ምስማር የሚመታው በጉብታው ላይ ነው፤ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ የተመታ ምስማር ዛሬ ባያፈስ ነገ ያፈሳል። ስንወጣ ቆርቆሮው በደረቀበት ሰዓት፣ ታች መሰላሉን የሚይዝ ሰው አቁመን፣ የምስማሩን ረድፍ እየተከተልን እንርገጥ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነውና። አሸንዳው ውስጥ የተከማቸውን የባሕር ዛፍ ቅጠል መጥረግም አንርሳ። ቅጠሉ ሲደፍነው ውሃው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ግድግዳው ይመለሳል።

ግድግዳችን ብዙ ጊዜ ጭቃ ነው። የጭቃ ቤት ጠላቱ ከታች የሚረጭ ውሃ ነው። የግድግዳው እግር ሲፈረፈር ብዙዎቻችን ሲሚንቶ እንለጥፍበታለን። ሲሚንቶው ለጊዜው ያምራል። ከጭቃው ጋር ግን አይዋሐድም፤ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ይይዝና ቆይቶ እንደ ቅርፊት ይነሣል። የላላውን አራግፎ፣ ግድግዳውን ውሃ ረጭቶ፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን በሰነበተ ጭቃ መመረግ ነው የሚበጀው። ይህን አባቶቻችን ያውቁት ነበር። ኮምቦልቻ ላላችሁ ደግሞ፣ አገሩ ሞቃት ነውና ምስጥ አለ። በግድግዳው ላይ የአፈር መስመር ሠርቶ ሲወጣ ካያችሁ አትዘግዩ፤ ምሰሶው ከውጭ ጤነኛ መስሎ ከውስጥ ባዶ ይሆናል።

በርና መስኮትም እንዲሁ ናቸው። በክረምት የእንጨት በር እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና አልዘጋም ይላል። ወዲያው እንልገዋለን። በጋ ሲመጣ እንጨቱ ይሸሽና ብርድ የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። በነሐሴ የሚያስቸግርን በር ከመላግ በፊት ማጠፊያው ላልቶ እንደሆነ ማየት ነው፤ ካልሆነ እስከ ጥቅምት መታገሥ ይሻላል።

እስካሁን የተናገርነው ገንዘብና ምቾት ነው። ሁለት ነገሮች ግን ነፍስ ይነካሉ።

አንደኛው ኤሌክትሪክ ነው። የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይሆናል። ተራ ዲቫይደር ይህን ለሰዓታት እንዲሸከም አልተሠራም። ሶኬቱ ከሞቀ፣ ከጠቆረ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተ እየነገረን ነው። ምጣድ ለብቻው የተሳበ ወፍራም መስመር ይፈልጋል። ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ ትልቅ ብሬከር መቀየር ወይም በፊውዝ ቦታ ሽቦ መጠምጠም መፍትሔ አይደለም፤ ጠባቂውን አስሮ ሌባውን ማስገባት ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን መንቀል፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ይልመድብን። ከቆጣሪው ወዲያ ያለውን ግን ማንም እንዳይነካ፤ የመብራት ኃይል ሥራ ነው።

ሁለተኛው ከሰል ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ብርዷን እናውቀዋለን። የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ጠቅጥቀን፣ በሩን ዘግተን፣ ከሰል አቀጣጥለን እንተኛለን። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ያዞራል፣ ያደክማል፣ ከዚያ የተኛ ሰው አይነቃም። ስለዚህ ከሰል ባለበት ክፍል አየር መግቢያ መኖር አለበት፤ ከመኝታ በፊት ደግሞ ከሰሉ ወደ ውጭ ይውጣ። ይህንን ለእናቶቻችን መንገር ከየትኛውም ጥገና ይቀድማል።

«የቧንቧ ሠራተኛውና ኤሌክትሪሻኑ ምን ይብሉ?» የሚለን ወንድም አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ባለሙያውን የጎዳነው ጎሚኒ በመቀየር አይደለም። የጎዳነው ዓመት ሙሉ ችላ ብለን፣ ነገሩ ሲብስ «ዛሬውኑ ድረስልን» ብለን፣ ከዚያ በዋጋው ላይ በመጨቃጨቅ ነው። አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የጣሪያ መዋቅር፣ የተሰነጠቀ መሠረት የባለሙያ ነው፤ ሐቁን ከፍለን እናሠራው። ሮቶም ሲሰቀል እንዲሁ ነው። 1,000 ሊትር ውሃ ሲሞላ አንድ ቶን ይመዝናል። ባገኘነው እንጨት ላይ አስቀምጠን ልጆች ከሥሩ እንዲጫወቱ መተው ቁማር ነው። ትንሹን የሚያውቅ ሰው የትልቁን ባለሙያ ዋጋ ይረዳል፣ በቀላሉም አይታለልም።

በ2014 ዓ.ም. ያየነውን አንርሳ። ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳርሶ፣ በኅዳር መጨረሻ ከያለንበት ስንመለስ ብዙ ቤትና ሱቅ ተዘርፎ ጠበቀን። በር መግጠም፣ ቁልፍ መቀየር፣ የተሰበረ መስተዋት በላስቲክ መሸፈን ያስፈለገው የአንድ ቤት ሰው አልነበረም። ያን ሰሞን መዶሻ መያዝ የሚችል ልጅ ያለበት ቤት ልጆቹን አሳርፎ አደረ። ሌላው ተራ ጠበቀ።

የመጨረሻው ነገር የጎረቤት ሐቅ ነው። ከተሞቻችን ዳገትና ቁልቁለት ናቸው። የእኛ አሸንዳ ሲሰበር ውሃው ታች ያለችውን አሮጊት ግድግዳ ነው የሚመታው። የእኛ ቦይ ሲደፈን የእሷ ጓዳ ይጥለቀለቃል። እሷ ለመናገር ታፍር ይሆናል፤ እኛ ግን ማፈር ያለብን ሳትናገር ነው።

ስለዚህ ሐሳብ አለን። ክረምቱ ሳይገባ፣ በግንቦት፣ በየሰፈሩ አምስት ስድስት ሆነን አንድ መሰላል እንያዝ። አንድ እሑድ የራሳችንን ጣሪያና አሸንዳ እንይ። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ልጅ የሌላቸውን፣ ልጆቻቸው ዐረብ አገር የሆኑባቸውን እናቶችና አባቶች ቤት እንይ። ሃይማኖቱን አንጠይቅ፤ ወሎ ውስጥ ዝናብ ሲያፈስ ሁሉም ቤት አንድ ነው። ድሮም ደቦ የወጣንበት አገር ነው። ጎማ ያለው ምስማርና ትንሽ ሬንጅ ከኪሳችን ብናዋጣ አያደኸየንም። እህቶችም «ይህ የወንድ ሥራ ነው» አትበሉ፤ ቤት የምትውሉት እናንተ ናችሁ፣ ዋናው መዝጊያና ብሬከሩ የት እንዳለ ከማንም በፊት ማወቅ ያለባችሁም እናንተ ናችሁ።

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ነው ነገሩ። ይህን አንብበን ስንጨርስ ስልኩን እናስቀምጥና ሁለት ነገር እንፈልግ፤ የውሃው ዋና መዝጊያ የት ነው? ብሬከሩስ የት ነው? ከዚያ እናታችንን «የትኛው ጋ ነው የሚያፈሰው?» ብለን እንጠይቃት። እሷ ቦታውን በሚገባ ታውቀዋለች። እስከዛሬ የጠየቃት ስላልነበር ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ እህታችን ደውላ «ቤቱ እንዴት ነው?» ስትል ስልኩን ወደ ኮርኒሱ ቀና አድርገን እናሳያት። አላህ ቤታችንን የሰላም፣ እጃችንን የሚጠቅም ያድርግልን።