በዱላ ብቻ ለሚፈርዱ

የቤዝቦልን ተጫዋች በዱላው ብቻ የሚመዝኑ ሰዎች ፍርዳቸው ጎደሎ ነው እላለሁ። ምስክሬም ማርክ ቤላንጀር ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1965 እስከ 1981 ለባልቲሞር ኦሪዮልስ ተጫውቶ፥ በሾርትስቶፕ ስፍራ፥ ይኸውም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ቆሞ የተመታውን ኳስ በመልቀም 8 ጊዜ የወርቅ ጓንት ተሸልሟል። መምታቱ ደካማ እንደ ነበረ አልክድም፤ ከ1000 ሙከራ የሰመረለት 228 ያህል ነው። ነገር ግን ነጥብ ማግባትና የባላጋራን ነጥብ ማስቀረት በሒሳብ ምን ይለያያሉ?

አሠልጣኙ ኧርል ዊቨር እንኳ በ1975 በሰው ሜዳ በተደረጉ ጥቂት ጨዋታዎች መጀመሪያ ሌላውን በስፍራው አሰልፎ ያስመታና፥ የመከላከሉ ተራ ሲደርስ ቤላንጀርን ያስገባ ነበር። ዱላውን ቢንቅም፥ እርሱ በሌለበት አንዲት ኳስ እንድትመታበት አልፈቀደም!

በ1988 ግን የዝነኞች አዳራሽ መራጮች ከመቶ አምስት ድምፅ እንኳ ስላልሰጡት ስሙ ከምርጫው ወጣ። በ1998 ስለ ሞተ ክርክሬ ለእርሱ አይጠቅመውም። መራጮቹን ግን እጠይቃለሁ፤ ያስቀረውን ነጥብ ስንቶቻችሁ ቈጥራችሁለታል?