ትንፋሽም ቀለብ ይሻል

ትንፋሽ ያለ ዋጋ የሚገኝ ይመስለናል። ይሁን እንጂ በፊዚክስ ሕግ ያለ ኃይል የሚከናወን ሥራ የለም። ጤነኛ ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ ለመተንፈስ የሚያወጣው ኃይል ከጠቅላላ ፍጆታው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። የአየር መተላለፊያን የሚያጠብብ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ባለበት ሰው ዘንድ ግን ያልወጣ አየር በሳንባ ውስጥ ይታመቃል፤ ደረትን ከሆድ የሚለየው ጉልላት መሰል ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ወደ ታች ተገፍቶ ይዘረጋል። ጉልላትነቱን ያጣ ድያፍራም አየር የመሳብ ብቃቱ ይቀንሳል። በመሆኑም የመተንፈስ ወጪ እስከ 10 እጥፍ ሊያድግ ይችላል።

ወጪው ሲጨምር ገቢው ይቀንሳል፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ማኘክና መዋጥ ያደክመዋልና። ሰውነት ጉድለቱን ከጡንቻ ይሸፍናል። ድያፍራምም ጡንቻ በመሆኑ አብሮ ይመነምናል፤ ትንፋሹም ይበልጥ ይከብዳል።

በአገራችን የዚህ በሽታ መንስኤ ሲጋራ ብቻ አይደለም። ዕድሜያቸውን በማገዶ ጭስ ውስጥ ሌላውን ሲመግቡ የኖሩ እናቶችም ይጠቁበታል። ሲከሱም «የበሽታው ጠባይ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኛ ይህን አስተሳሰብ አንቀበልም።

እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነው «ቦድ» የተሰኘው የሕመም መመዘኛ ከሳንባ አቅም፣ ከትንፋሽ ማጠርና በእግር ከሚኬድ ርቀት ጋር የሰውነት ክብደትንም ያካትታል። ክብደት በኪሎ ግራም፣ ለቁመት በሜትር ስኩዌር ተካፍሎ ውጤቱ ከ21 ካልበለጠ የአደጋ ነጥብ ይመዘገባል። ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 50 ኪሎ ግራም የሆነች እናት ውጤቷ 19.5 ነው፤ በተለመደው መለኪያ ጤናማ፣ በዚህኛው ግን አሥጊ ነው።

ምግብ የተጎዳ ሳንባን አይመልስም የሚል ቢኖር እውነት ነው። ነገር ግን በቂ ምግብ ከተመጠነ እንቅስቃሴ ጋር ሲጣመር የከሱ ሕመምተኞችን ክብደትና የጡንቻ ብርታት እንደሚያሻሽል ጥናቶች አሳይተዋል። የሞላ ሆድ ድያፍራምን ስለሚጫን በአንድ ጊዜ ከመጥገብ ይልቅ ጥቂት ጥቂቱን ደጋግሞ መመገብ ይመረጣል። 1 ግራም ቅባት 9፣ 1 ግራም ካርቦሃይድሬት ደግሞ 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ ስለዚህ በምስር ወጥ ወይም በሽሮ ላይ የሚጨመር ዘይት በትንሽ መጠን ብዙ ኃይል ያስገኛል። ዕንቁላልና ወተት ጡንቻን ይገነባሉ። በጾም ወራትም ሕመምተኛው ሐኪሙንና የነፍስ አባቱን ቢያማክር መልካም ነው።

እንግዲህ ምግብ ከመድኃኒቱ ጎን የሚታዘዝ የሕክምናው አካል ሊሆን ይገባል እንላለን። በየክሊኒኩም ሆነ በየቤቱ የሳል ድምፅ ብቻ ሳይሆን የሚዛኑም ቁጥር ይደመጥ። ክብደት መቀነስ ከጀመረ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ሌላ ምልክት መጠበቅ አያስፈልግም።