የሚነዳው ማን ነው?

በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቁጠባና ስለ ጓሮ አትክልት ስንወያይ ቆይተናል። ዛሬ የምናነሣው ከብዙ የሠራዊታችን ቤተሰቦች ተደጋግሞ የሚቀርብልንን ጥያቄ ነው። ለዓመታት ተቆጥቦ የተጠራቀመ ገንዘብ አለ፤ በእርሱም ያገለገለ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ለከተማውም ለገጠሩም የሚሆን መኪና ለመግዛት ታስቧል፤ ታዲያ የትኛው ይሻላል? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሆኖም የአሥር ዓመት ቁጠባ በአንድ ፊርማ የሚወጣበት ጉዳይ በመሆኑ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል።

ባለፈው ወር አንድ ሃምሳ አለቃና ባለቤታቸው ቢሮዬ ድረስ መጡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲከራከሩ ሰንብተዋል። ሃምሳ አለቃው ልባቸው የወደቀው በአንድ አሮጌ ባለ ቤንዚን ላንድ ክሩዘር ላይ ነበር። «ላንድ ክሩዘር ማለት ብረት ነው ጌታዬ፤ የትም አያቆመኝም» አሉኝ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ወዲያው ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ጎማው ስፋት ማውራት ጀመርኩ። ባለቤታቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «መቶ አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። «እርሱ በዓመት ስንት ወር እቤቱ ያድራል? ትንሹ ልጃችን አስም አለበት። ሌሊት ሲታፈንብኝ ይህን ብረት የሚነዳው ማን ነው?»

ሃምሳ አለቃው መልስ አልነበራቸውም፤ እኔም አልነበረኝም። ቤታቸው በሐረር ከተማ ዳር ሲሆን፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ባጃጅ አይገኝበትም። ከዚህ ቀደም ልጁን በጀርባቸው አዝለው እስከ ዋናው መንገድ የወጡበት ሌሊት እንዳለ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ማንኛውም ግዳጅ ከመጀመሩ በፊት የመሬቱ አቀማመጥ፣ የሚሰማራው ኃይልና የሚፈጀው ስንቅ እንደሚጠና በአካዳሚ ተምረናል። ይሁን እንጂ ለቤታችን ዕቃ ስንገዛ ይህን ትምህርት ካምፕ ውስጥ ትተነው እንወጣለን። ስለዚህ ወረቀት አወጣንና መኪናው የሚሠራውን ሥራ ጻፍን። በየቀኑ ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረስና መመለስ፤ በወር አንድ ሁለት ጊዜ ድሬዳዋ ለገበያ መውረድ፤ በዓመት አንድ ጊዜ የእርሳቸው እናት ወደሚኖሩበት ገጠር መሄድ፣ ከዚያም መንገድ ውስጥ 18 ኪሎ ሜትሩ ጠጠር ነው፤ በመጨረሻም ሌሊት ወደ ሆስፒታል። ተሳፋሪው ሃምሳ አለቃው ሲኖሩ አምስት፣ ሳይኖሩ አራት ሰው ነው። ሲደመር በወር 700 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ።

እንግዲህ ሒሳቡን እንየው። ያ ትልቅ መኪና በከተማና በዳገት በአንድ ሊትር 7 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በወር 100 ሊትር ይጠጣል። አነስተኛው፣ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር የሚሄደው፣ በ58 ሊትር ይወጣዋል። ልዩነቱ በየወሩ 42 ሊትር ነው። አንባቢያን ይህን በሰሞኑ የቤንዚን ዋጋ አባዝተው ከወር ደመወዛቸው ጋር ያስተያዩት። ሃምሳ አለቃው አባዝተው ሲያበቁ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ከመሬት ከፍ ያሉ መኪኖች ሲባሉ በዓይን ቢመሳሰሉም በባሕርይ ሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያው እንደ ጭነት መኪና በወፍራም የብረት ሻንሲ ላይ የተሠራው ነው፤ ላንድ ክሩዘር፣ ፓትሮልና ትንሹ ጂምኒ ከዚህ ወገን ናቸው። ድንጋይና ጭቃ፣ ከባድ ጭነትና ረጅም የገጠር ጉዞ የእነርሱ ሥራ ነው። ሁለተኛው አካሉና ሻንሲው አንድ ሆኖ እንደ ቤት መኪና የተሠራ፣ ነገር ግን ከፍ ያለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ገበያ ላይ የዋለው ራቭ ፎር ለዚህ ዓይነቱ መስፋፋት ፈር ከቀደዱት አንዱ ነው። ይህኛው ለመንዳት ይቀላል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ሆዱም ከመሬት ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ስለሚርቅ የጠጠር መንገድ አያስጨንቀውም። ስም ብቻ ይዞ መሄድ ግን ያሳስታል። ቪታራ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲወጣ ሻንሲ የነበረው ጠንካራ መኪና ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዚያው ስም የወጣው ከሁለተኛው ወገን ነው።

ሌላው የሚያወዛግበው በአራቱም ጎማ የሚነዳ መሆን አለመሆኑ ነው። ከኋላ በሩ ላይ «4×4» የሚል ምልክት ተለጥፎ ማየት ማስረጃ አይሆንም፤ ምልክቱ መለዋወጫ ሱቅ ይሸጣል። ጎንበስ ብሎ ከሥር ማየት ነው። ራቭ ፎርን በመሰሉት ላይ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቅ ዘንግ ከሌለ መኪናው በፊት ጎማ ብቻ የሚጎተት ነው። ይህ ደግሞ ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም። በዓመት አንዴ በበጋ 18 ኪሎ ሜትር ጠጠር ለሚሄድ ቤተሰብ አራቱም ጎማ አያስፈልገውም፤ የሚጠገነው ክፍል ያነሰ ነው፣ ነዳጁም ይቀንሳል። ክረምት ከበጋ ጥቁር አፈር ውስጥ ለሚመላለስ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ስለ ገበያው ሁኔታም አንድ ቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጸ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በዚህ ምክንያት አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ቅርስ ይጠበቃል፤ ቀድሞ ለብረት ይሸጥ የነበረው ዛሬ ተቀብቶ ገበያ ይወጣል። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ለከተማ ኑሮ መልካም አማራጭ ናቸው። ሆኖም ባትሪያቸው ምን ያህል አቅም እንደቀረው በመሣሪያ ሳያስመረምሩና እቤት አስተማማኝ መብራት መኖሩን ሳያረጋግጡ ያገለገለውን መግዛት አይመከርም። የሃምሳ አለቃው ሠፈር መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ስለምናውቅ ይህን ሐሳብ ቶሎ ዘጋነው።

በተከታዩ እሑድ አንድ ነባር የጥገና ባለሙያችንን ይዘን የመጀመሪያውን መኪና ለማየት ሄድን። በደላላ የተገኘ ነጭ ራቭ ፎር ነበር፤ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ክሩስኮቶው ሳይቀር በዘይት ተወልውሏል። ሃምሳ አለቃው ገና ከሩቅ ፈገግ አሉ። ባለሙያው ግን ሰላምታውን ሳይጨርስ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጌታዬ፣ ሞቋል» አለኝ። ነገሩን ሳላስተውለው ነበር። የቀዘቀዘ ሞተር ሲነሣ ሕመሙን ይናገራል፤ ሻጭ አስቀድሞ ካሞቀው ግን ሕመሙን ደብቋል ማለት ነው። ስለዚህ የእናንተን ቀጠሮ ማለዳ አድርጉት፣ ሳትደርሱ እንዳይነሣም ተነጋገሩ። ሲነሣ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በአግባቡ አይቃጠልም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ወፍራም ነጭ ጭስ ከታየ ውኃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። የዘይት ክዳኑን ከፍታችሁ ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ ደግሞ ዋጋ መጠየቅም አያስፈልግም።

ባለሙያው ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አወጣና በአካሉ ዙሪያ አስኬዳት። በቀኙ የኋላ በርና ከበሩ በላይ ባለው ምሰሶ ላይ አልያዘችም፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነበር። የበር ስቱኮ ከተራ ግጭት ሊመጣ ይችላል። የምሰሶ ስቱኮ ግን መኪናው ተገልብጦ ወይም ክፉኛ ተመትቶ እንደነበር ያስጠረጥራል። ቆጣሪው 90 ሺህ ኪሎ ሜትር ያሳያል፤ የፍሬኑ ፔዳል ጎማ ግን እስከ ብረቱ አልቋል። ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ፔዳል አይመለስም። ጎማዎቹ አዲስ ናቸው ተብሎ ነበር። በጎማ ጎን ላይ ከሚጻፉት ውስጥ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2315 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እነዚያም ከዚህ ብዙ አይርቁም ነበር።

ሃምሳ አለቃው ይህን ሁሉ አይተውም ዋጋው ቢቀነስ የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ነገሩን የቆረጠው ሊብሬው ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ አልነበረም። ባለቤቱ ለአንድ ሰው ውክልና ሰጥቷል፣ ያ ሰው ለሌላ፣ ሌላው ደግሞ አሁን ለእኛ ሊሰጥ ተዘጋጅቷል። «ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚገዛው» አለን ደላላው። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው የስም ማዛወሪያውን ወጪ ሽሽት እንዲህ ይገዛል። ነገር ግን ውክልና ሰጪው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው የሚችል፣ ሰጪው ሲሞትም የሚቀር ሰነድ ነው። አስቡት፤ አባወራው ግዳጅ ላይ ነው፣ ውክልናው በእርሱ ስም ብቻ ነው፣ መኪናው እደጅ ቆሟል። ቤተሰቡ ክፉ ቀን ቢመጣበት ሚስት ልትሸጠው አትችልም፤ የማታውቀው ሰው ወራሾች መጥተው የአባታችን ነው ቢሏትም የምታሳየው ወረቀት የላትም። እኛ ወታደሮች ስለዚህ ቀን ማውራት አንወድም፤ መኪና ስንገዛ ግን ማሰብ ግድ ነው። «እንሂድ» ያሉት ባለቤታቸው ናቸው።

ሊብሬው በሻጩ ስም ሆኖ እንኳ ሥራው አላለቀም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው ላይ አንብቦ ከሊብሬው ጋር ማመሳከር፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት ከመዘገበው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውን ስምምነት መጠየቅ ያስፈልጋል። ክፍያው ውሉ በሚመዘገብበት ቀን እንጂ ቀደም ብሎ አይሰጥም። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን መኖራቸውንም አትርሱ፤ መድኑ በሕግ ግዴታ ነው።

ሁለተኛውን መኪና ያገኘነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እርሱም ራቭ ፎር ሲሆን በፊት ጎማ የሚሄድ፣ በአንድ ጡረተኛ መምህር ስም የተመዘገበ፣ ፓራፋንጎው የተጫረ፣ ቀለሙም የደበዘዘ ነበር። ሃምሳ አለቃው ፊታቸውን አጠቆሩ። ነገር ግን ማለዳ ሞተሩ ቀዝቅዞ ጠበቀን፤ ሲነሣም ንጹሕ ነበር። ማግኔቷ ከምሰሶዎቹ ሁሉ ላይ ያዘች።

ለፈተና የመረጥነው የደንገጎን ዳገት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ደንገጎ በመካከላቸው ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ በሜዳ የሮጠ መኪና እዚህ ይታወቃል። በቀትር ሙቀት አምስት ሆነን፣ ማቀዝቀዣውን ከፍተን ከድሬዳዋ ወጣን። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመካከል አልተነቃነቀም። ስንመለስ ባለሙያው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሲያዳምጥ በግራ የፊት ጎማ በኩል የማያቋርጥ እሮሮ ሰማ። ኩሽኔታ ነበር፤ እርሱም ከዋጋው ላይ ተቀነሰ። ከዋጋው አንድ አምስተኛ ያህል ገንዘብ ሳይነካ እንዲቀመጥ አስቀድመን ተስማምተን ስለነበር፣ ቺንጋ የሚባለው የሞተሩ ቀበቶ፣ ዘይቱና የፍሬኑ ሸራ በመጀመሪያው ሳምንት ተለወጡ። ይህን ገንዘብ ያላስቀረ ገዢ መኪናውን ገዝቶ ሳይጨርስ ዕዳ ውስጥ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝን ልጨምር። ዋጋ ከመነገሩ በፊት የሃምሳ አለቃው ባለቤት መሪው ላይ ተቀመጡ። ወንበሩን ወደ ፊት አስጠጉ፣ ፔዳሎቹን እስከ መጨረሻው ረገጡ፣ የኮፈኑ ጫፍ ይታያቸው እንደሆነ አዩ፣ የልጁ መድኃኒት የሚቀመጥበትን ኪስም መረጡ። ሻጩ መምህር ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆይተው፣ «እንግዲህ መኪናው የእርስዎ ነው» አሏቸው። ውሉም በባልና በሚስት ስም ተጻፈ።

ሴትዮዋ ዛሬ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ከጀመሩ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ፈቃዱ እስኪወጣ ድረስ ሌሊት ቢያስፈልግ መንጃ ፈቃድ ያላቸው ጎረቤት እንዲነዱ ቁልፉ ያለበት ቦታ ተነግሯቸዋል። አሁን የሚያስቸግራቸው ወደ ኋላ እየነዱ ጊቢ ማስገባት ነው፤ በሩ ጠባብ ነው። ባለፈው ቅዳሜ በደጃፋቸው ሳልፍ ሃምሳ አለቃው ሸሚዛቸውን አውልቀው የበሩን አንድ ምሰሶ ከሥሩ ሲነቅሉ አገኘኋቸው። ግማሽ ሜትር ወዲያ ሊተክሉት ነው።