ለክረምት ስለሚቆም ሞተር አጠባበቅ

ገበሬ የእርሻው ወራት ባለፈ ጊዜ ሞፈሩንና ቀንበሩን በማሳው ዳር ጥሎ አይሄድም። ማረሻውን ነቅሎ፣ ጭቃውን ጠርጎ፣ ዕቃውን ጢስ በሚደርስበት ከጣራው ሥር ይሰቅለዋል። ይህንም የሚያደርገው ታዞ አይደለም፤ በሥራ ከሚያልቀው ዕቃ ይልቅ ተጥሎ የሚበላሸው እንዲበልጥ ከአባቶቹ ስለ ተማረ ነው። አውቶሞቢል ግን አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህን ያህል ዘመን አልፎም ሥራ ለሚፈታ ሞተር የሚገባው ጥበቃ እንደ ሞፈሩ ጥበቃ ልማድ ሆኖ በየስፍራው አልተተከለም።

ከሰኔ እስከ መስከረም መንገዱ ጭቃ በሚሆንበት አገር መኪና ይቆማል። የበጋ መስኖ ውሃ የሚስበውም ሞተር ዝናብ ሲገባ ሥራው ያበቃል። እነዚህ ወራት ደግሞ እርጥበት የሚበዛባቸው ናቸው። መስከረም ጠብቶ ሞተሩ በተፈለገ ጊዜ ባትሪው ሞቶ፣ ቤንዚኑ ወደ ሙጫ ተለውጦ፣ ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ይገኛል። ከዚያ በኋላ መካኒክ ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ ድረስ የአትክልቱ ችግኝ ይደርቃል፤ ዘር በጎተራ ይቀራል፤ ምጥ የጠናባት ሴትም በቃሬዛ ትጓዛለች። ስለዚህ ጉዳቱ የብረት ብቻ ሳይሆን የሰው ነው።

አንዳንድ ሹም ለዕቃው አስቦ፣ ዘበኛው በየሳምንቱ ሞተሩን አስነሥቶ ለአምስት ደቂቃ እንዲያሞቀው ያዛል። አሳቡ መልካም ነው፤ ፍሬው ግን ክፉ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን በተቃጠለ ጊዜ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሞተሩ በመንገድ ሄዶ በደንብ ሲግል እንፋሎቱ በጢስ ማውጫው በኩል ይጠፋል፤ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲነሣ ግን በቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ ሆኖ ይቀራል፤ ዘይቱንም ያበላሻል። ባትሪውም ለማስነሣት የሰጠውን ኀይል በዚያች አጭር ጊዜ መልሶ አያገኝም። እንግዲህ ሞተርን በየሳምንቱ መቀስቀስ ጥበቃ አይደለም፤ አንድ ጊዜ በሚገባ አሰናድቶ በሰላም እንዲያርፍ መተው ይሻላል።

ማሰናዳቱም በሥርዓት ይሁን። አስቀድሞ አዲስ ቤንዚንና ቤንዚን እንዳይበላሽ የሚጠብቀው መድኀኒት ይጨመራል፤ በብረት ታንክ ውስጥ ባዶ ስፍራ ከበዛ የአየሩ እርጥበት ውሃ ሆኖ ዝገት ያመጣልና፣ ታንኩ ለመስፋፊያ ጥቂት ቦታ ብቻ ቀርቶ ይሞላል። መኪናው ግማሽ ሰዓት ያህል ተነድቶ ከጋለ በኋላ አሮጌው ዘይት በትኩሱ ይፈስሳል፤ ጥላሸትና አሲድ ስላለበት ከብረቱ ጋር ሊከርም አይገባውም። ፊልትሮው ተለውጦ አዲስ ዘይት ይገባል። ካርቡራቶር ላለው ሞተር የቤንዚኑ መምጫ ተዘግቶ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ይተዋል።

ቀጥሎ ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፤ በየቀዳዳውም አንድ ትንሽ ማንኪያ ንጹሕ ዘይት ይፈስሳል። የእሳቱና የነዳጁ መስመር ተቋርጦ ሞተሩ ጥቂት ዙር ከዞረ ዘይቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ያለብሰዋል። ዘይቱ ከልክ ካለፈ ግን ፒስቶኑ ሊገፋው ስለማይችል ሌላ ስብራት ያመጣል። በናፍታ የሚሠራው ሞተር ለዚህ ሥራ መካኒክ ይፈልጋል፤ ዘበኛው ግን በናፍታው ማጣሪያ ሥር የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ ይችላል።

በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ተራ ውሃ ብቻ እንደ ሆነ ይፈስሳል፤ የዝገት መከላከያ ያለበት እንደ ሆነ ሞልቶ ይቀመጣል። ይልቁንም እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ መኪናው እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ የሚቆም ከሆነ ይህ ነገር አይዘንጋ፤ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ ዘጠኝ ያህል ስለሚጨምር ብረቱን ይሰነጥቃል። ባትሪው በሙሉ ኀይሉ ሳለ፣ አስቀድሞ የነጌቲቩ ሽቦ ተፈትቶ፣ ደረቅ ስፍራ ይቀመጣል። የባለ 12 ቮልቱ ባትሪ መለኪያ ከ12.4 በታች ሲያሳይ እንደገና ይሞላል።

የአየር መግቢያውና የጢስ ማውጫው አይጥ ጎጆ እንዳትሠራበት በጨርቅ ይደፈናል። የእጅ ፍሬኑ እንዳይጣበቅ ይለቀቅና ከጎማው ሥር ድንጋይ ይደገፋል። በመጨረሻም «ጨርቁ ሳይወጣ፣ ባትሪው ሳይታሰር አይነሣ» የሚል ጽሑፍ በመሪው ላይ ይንጠለጠል።

ይህ ሁሉ የአንድ ቀን ሥራና ጥቂት ሊትር ዘይት ነው። «ገንዘብ የለም» የሚል ሹም ቢኖር የአዲስ ሞተርን ዋጋ ከዘይቱ ዋጋ ጋር ያመዛዝን። እውነተኛው ችግር የገንዘብ ሳይሆን የኀላፊነት ነው፤ የሁሉም የሆነ ዕቃ የማንም ሳይሆን ይቀራልና። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ መዝገብ ተከፍቶ፣ ሞተሩ የቆመበት ቀን፣ የተሠራው ሥራና የጠባቂው ስም ሊጻፍበት፣ ሹሙም ዐይቶ ሊፈርምበት ይገባል። ሹም ቢለወጥም መዝገቡ ለተተኪው ይናገራል።

በመስከረምም ጨርቁ ወጥቶ፣ ዘይቱና ውሃው ታይቶ፣ ባትሪው ታስሮ፣ ዘይቱ እንዲዳረስ ሞተሩ መጀመሪያ ያለ እሳት ጥቂት ዙር ይዙር፤ ከዚያ በኋላ ይነሣ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም። በሰኔ ያልታሰበለት ሞተር በመስከረም ቢለመንም አይሰማም።