ከብየዳው በፊት ስሌቱ ይቅደም

በአሜሪካ ሰፊ ግቢ ያላቸው ሰዎች ሣር የሚያጭዱበትና በረዶ የሚጠርጉበት የጓሮ ትራክተር አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ነው። ጭቃ ላይ መንሸራተቱ የሰለቻቸው አንዳንድ ባለቤቶች ከአሮጌ መኪና የተፈታ ዲፈረንሻል ከፊት ገጥመው በቤታቸው ፎር ዊል ያደርጉታል። ትጋታቸው የሚደነቅ ነው፤ ብየዳው ስሌቱን ከቀደመ ግን ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

የፊት ጎማው ከኋላው ያንሳል። የኋላው ዙሪያ 180፣ የፊቱ 120 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የኋላው አንድ ጊዜ ሲዞር የፊቱ 1.5 ጊዜ መዞር አለበት። ይህ ምጣኔ ሲዛባ ለስላሳ አፈር ላይ ጎማው ተንሸራትቶ ልዩነቱን ያካክሰዋል። አስፋልት ላይ ግን መውጫ ያጣው ኃይል ጥርሶችንና ክሮቼራዎችን ይሰብራል። በመሆኑም የፊቱን ኃይል ማላቀቂያ የግድ ያስፈልጋል።

ከስብራቱ የሚብሰው የሰው ሕይወት ነው። አራቱም ጎማዎች መሬት ሲይዙ ትራክተሩ ቀድሞ ያቅተው የነበረውን ዳገት ይወጣል፤ ይሁን እንጂ ከመገልበጥ የሚያድነው አዲስ ነገር አላገኘም። መንሸራተቱ ራሱ ለነጂው «ተመለስ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ያ ማስጠንቀቂያ አሁን የለም።

ስለዚህ አስቀድሞ በኋላ ጎማዎች ላይ ክብደት መጨመርና ሰንሰለት ማሰር ይገባል፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ካልበጀም ይፈታል። ይህ ሳይበቃ ቀርቶ ለውጡ የግድ ከሆነ፣ ጥርሱ ይቆጠር፣ የጎማው ዙሪያ ይለካ፣ የመገልበጥ መከላከያ ብረትና ቀበቶ ይታከል። በወረቀት ላይ የተሳሳተ ቁጥር በላጲስ ይጠፋል፤ ዳገት ላይ የተሳሳተ ግን አይታረምም።